ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት
ለማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የየእድሩ ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፤

ከመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ተርፋችሁ፣ ከየካ አባዶም ከካራም በሰዓቱ ስለደረሳችሁ እናመሰግናለን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሥራውም የሒሳቡም ሪፖርት በአጀንዳ ተራው ይቀርባል፤ እሱን አልሻማም። የማነሣው በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት የምንቀመጣትን አንድ ሰዓት ነው። የሰፈር በጎ አድራጎት ገንዘብ አጥቶ ከሚበላሸው ይልቅ፣ ቅዳሜ ተወስኖ ሰኞ ባለቤት አጥቶ የሚበላሸው ይበዛል።

ስብሰባው 10 ሰዓት ሲል በተገኘው ሰው ይጀመር። «ሰው ይሙላ» ብለን 20 ደቂቃ ስንጠብቅ የምንቀጣው በሰዓቱ የመጣውን ነው፤ በሳምንቱ እሱም 20 ደቂቃ አሳልፎ ይመጣል። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ እንወያያለን እንጂ ብር የሚያስወጣ ውሳኔ አናሳልፍም። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ለቃለ ጉባኤ ናቸው። መነበብ ያለበት ግን ማን ምን ተናገረ የሚለው ሳይሆን ማን ምን ሊሠራ ተቀበለ የሚለው ነው። ጸሐፊያችን ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን የአንድ ሰው ስም፣ ቀንና የብር መጠን ይጻፍ። የአንድ ሰው ስም የተባለው ሆን ተብሎ ነው፤ «ኮሚቴው ይከታተል» የተባለን ነገር ማንም ተከታትሎት አያውቅም። ቀጥሎ ያለው 30 ደቂቃ በእጅ ላለው ሥራ፣ 15ቱ ለአዲስ ሐሳብ፣ የቀረው 5 ደቂቃ ለክፍያ ማጽደቂያ ይሁን። አዲስ ሐሳብ ያለው ሰው የት፣ ለማን፣ በስንት ብር የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፎ ይምጣ። ቴሌግራም ላይ የተላከ አውራ ጣት ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም። ቡናውም ከስብሰባው በኋላ ይፈላ፤ አቦል ከቀረበ ቶና መጠበቃችን አይቀርም፣ በረካ ላይ ስንደርስ መሽቷል።

አሁን ወደ መስኩ ልውሰዳችሁ። ጥቅምት ላይ ነን፤ ዝናቡ ሄዷል፤ ሐምሌ ላይ በየካ ተራራ ግርጌ የተከልናቸው ችግኞች ፈተናቸው ገና መጀመሩ ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መትከሉን ሁሉም ለምዶታል። ችግኝ የሚሞተው ግን በሐምሌ አይደለም፤ ከኅዳር እስከ ዝናቡ መመለሻ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል 5 ችግኝ በስሙ ይረከብ። በችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል አረሙን ይንቀል፣ ውኃ የሚይዝ ክብ ገበታ ያብጅለት፣ የታጨደ ሣር ያልብሰው፤ ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ፣ ከነካው ያበሰብሰዋል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በሳምንት ለሁለት ችግኝ ይበቃል፤ ግን በሁለት ዙር ቀስ ብሎ ይፍሰስ፣ በአንድ ጊዜ ከተደፋ ላይ ላዩን ሸሽቶ ወደ ታች ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ለለጋዎቹ ከሣር ትንሽ ዳስ ይሠራላቸው። ለመጪው ክረምት ጉድጓዱ በግንቦት መጨረሻ 40 በ40 በ40 ሴንቲሜትር ይቆፈር፣ የላዩ አፈር ከሥሩ አፈር ለብቻው ይቀመጥ፣ ሲተከልም ለሙ አፈር ሥሩ ጋ ይግባ። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ ችግኝ ሥሩ እዚያው ይጠቀለልና ቆይቶ ይደርቃል። ለካሜራ የሚተክል ሰው በብዛት የሚረሳው ይህንን ነው።

የደም ልገሳውን በአራት እንክፈለው፤ ኅዳር፣ የካቲት፣ ግንቦት፣ ነሐሴ። አንድ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ ይችላል፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በላይ ይሁን እንጂ። ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ስለሆነ ያን ጊዜ ሁሉም ይሰለፋል። እጥረቱ የሚጠናው ግን በክረምት ነው፤ ዋናዎቹ ለጋሾች ተማሪዎች ናቸው፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ይዘጋል። ደም ጎተራ አይገባም፤ ደምን የሚያረጋው ክፍል፣ ፕላትሌት፣ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ፣ ቀይ የደም ሕዋስም ከ5 እስከ 6 ሳምንት ነው። የኅዳሩን የነቢያት ጾም ሳይገባ ከ15 በፊት፣ የነሐሴውን ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ እናድርገው። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከየካቲቱ ጋር ከገጠመ ቀኑን እንግፋው፤ ባዶ ሆዱን የለገሰ ሰው አልጋው ላይ ይዞርበታል፣ ያየው ሁሉ ሁለተኛ አይመጣም። በእሑድ ፋንታ ቅዳሜን የመረጥነውም ለዚህ ነው፤ አስቀዳሹ እሑድ ጠዋት አፉ ላይ ምንም የለም። ሻይና ዳቦ ይዘጋጅ፤ የለገሰውም ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳይቀመጥ አይውጣ።

የአረጋውያን ቤት ጥገና ከሚያዝያ አይለፍ። ከሁሉ በፊት የዕድሳት ፈቃድ ነው፤ ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ ወረዳው ሳያውቅ አንድ ሚስማር አይነቀል። ጣራ ተነቅሎ ሥራው ቢታገድ ሜዳ ላይ የሚቀሩት እማማ ናቸው። ቆርቆሮ ስትገዙ ቁጥሩን እዩ፤ 32 ቁጥር ከ28 ቁጥር ይሳሳል፣ ርካሽነቱም ከዚያ ነው። ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚሄድበት ቦይ ላይ የተመታ ሚስማር በመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል። የጎን ድርርቡ አንድ ጉብታ ተኩል፣ የላይና የታቹ ከ15 ሴንቲሜትር አይነስ። ለግድግዳው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውኃ እየተጨመረበት ለቀናት ይቡካ። ሳይቦካ የተለሰነ፣ ወይም የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ የተደረበ ይሰነጠቃል። ልምዱ ያላቸው እናቶች አሉን፤ እነሱ ይምሩ፣ ወጣቱ ይርገጥ።

ስለ ቦይ ጠረጋው ግን ትንሽ ልቆይ፤ ጥፋታችን የሚበዛው እዚህ ነው። የቦዩ ወቅት ግንቦት ነው። የሚጀመረው ከታች፣ ውኃው ከሚወጣበት አፍ ነው፤ ወደ ላይ እየተጠረገ ይወጣል። ከላይ የጀመርን እንደሆነ ድንገት ዝናብ ሲመጣ የተከፈተው ውኃ ፌስታሉን፣ ሃይላንዱን ሁሉ ጠርጎ ታች ያልተጠረገው ቦታ ላይ ይወትፈዋል፤ ጎርፉም ያለ ጥፋታቸው የታች ቤቶችን ይገባቸዋል። የኮንክሪት ክዳን በእጅ አይነሣም፤ ሁለት ድጅኖ በሁለት ጫፍ፣ አራት ሰው ለአንድ ክዳን። ክዳን የተነሣበት ቦታ በዚያው ዕለት ይከደን፤ ካልተቻለ በድንጋይና በቀይ ጨርቅ ይታጠር፣ ልጆች በሌሊት ያልፋሉ። ጓንቱ ወፍራም ይሁን፤ ከጭቃው ውስጥ የጠርሙስ ስብርባሪም መርፌም ይወጣል። ዋናው ግን ጭቃው ነው። ከቦዩ ወጥቶ ዳር ላይ የተከመረ ጭቃ ነገ በዝናብ ተመልሶ እዚያው ይገባል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ባክኖ ይቀራል። ጭቃውን የሚጭነው መኪና በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ ተረጋግጦ ቀኑ ካልታወቀ አካፋ አይነሣ። መጀመሪያ ጭነት፣ ቀጥሎ ቁፋሮ።

ስለ ገንዘብ አጭር ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ የእኛ ሻይና ዳቦ ከኪሳችን ይሁን። ዕቃ ለመግዛት ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይሂድ፤ ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ጋ ሚስማርም አይገዛ። የገንዘብ ያዣችንን ታማኝነት ተጠራጥረን አይደለም፤ ሐሜት ማኅበር ያፈርሳል፣ ሁለት ፊርማ ደግሞ ሐሜትን ይቀንሳል።

በሩ አጠገብ አራት መዝገብ ተቀምጧል፤ ችግኝ፣ ደም፣ ቤት ጥገና፣ ቦይ። በእረፍቱ ሰዓት አንዱ ላይ ስማችሁንና ስልካችሁን አስፍሩ። በሁለት መዝገብ የተመዘገበ ሰው ከአንዱ ይሰረዛል። የችግኙ ቡድን የሚመጣው ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት 8 ሰዓት ላይ ጀሪካኑን ይዞ ተራራው ሥር ይገናኝ።

የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤያችን ተከፍቷል። ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ያቅርቡልን።