«የለም» ስትሉን ምክንያቱንም ንገሩን

በደብረ ብርሃን ለጌም ቤት ባለቤቶች፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ በሥራው አብረን ያለን የጌም ቤት ባለቤቶች፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ውርጭ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጠባሴ ሰፈር አራት ፕሌይስቴሽንና አንድ ኮምፒዩተር ያላት ጌም ቤት አለችኝ። ዛሬ የምናገረው በኢንተርኔት ጨዋታ ስለሚሸጡት ትልልቅ መደብሮች ነው። የትኛውን ጨዋታ መደርደሪያቸው ላይ ያወጣሉ? የትኛውን ያነሳሉ? ለየትኛው አገር ሰው ሸጠው ለየትኛው ይከለክላሉ? ደንበኛው በዚህ ነገር ተቆጥቷል፤ ቁጣውም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደንበኛ አለኝ። ለአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ክረምቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅም ከረመ። አንድ ቀን መጣና የሒሳብ ደብተሩን ገልጦ፣ ከመሃሉ ብሮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው። አሥሩም፣ ሃምሳውም፣ መቶውም በደብተሩ ተጭኖ ልክ በካውያ የተተኮሰ ይመስላል። በዶላር የሚከፍል ካርድ እንደ ልብ ስለማይገኝ አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የመደብሩን ጊፍት ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን በቴሌግራም ላከልን። ቁጥሩን አስገባን፤ ገንዘቡ አካውንቱ ላይ ገባ። ጨዋታውን ስንከፍት ግን፣ ትናንት ማታ ዋጋው ተጽፎ ያየነው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል፦ ይህ ዕቃ እርስዎ ባሉበት አካባቢ አይሸጥም። ልጁ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ምን አጠፋን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለመደብሩ ጻፍኩ። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ስለ ትዕግሥታችን አመስግኖ ጨዋታው በአገራችን እንደማይሸጥ ነገረን። ያንንማ እኛም በዓይናችን አይተናል። ማን ወሰነ፣ ለምን ወሰነ፣ ተመልሶ ይመጣል ወይ፣ አንድም ቃል የለበትም። የካርዱም ገንዘብ አይመለስም፤ በዚያው መደብር ሌላ ነገር ግዙበት ተባልን። ለልጁ ከኪሴ መለስኩለት። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እስቲ ገበያ ወጥታችሁ የመንዝ ባና ስትገዙ አስቡት። «ጥቁሩ የለም ወይ?» ትሉታላችሁ ነጋዴውን። እሱም «ዘንድሮ ጥቁር ሱፍ ተወደደብኝ» ይላችኋል፣ ወይም «ሸማኔው ታሞብኝ ነው፤ ለጥምቀት ተመለሱ» ይላችኋል። መልሱ ደስ ላያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን መልስ ነው። ሰውዬው ፊት ለፊታችሁ ቆሟል፣ ብትከራከሩት ይሰማችኋል፣ በሚቀጥለው ገበያም እዚያው ታገኙታላችሁ። የኢንተርኔቱ መደብር ይህን ነው የነፈገን።

መደብር መምረጥ የለበትም የሚል ሰው ካለ ግን አልስማማም። ታሪኩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ወድቆ ነበር። አታሪ ለሚባለው የጨዋታ ማሽን ያገኘ ሁሉ ጨዋታ እየሠራ ገበያውን በማይረባ ዕቃ አጥለቀለቀው፤ ገዢው ደህናውን ከመናኛው መለየት ሲያቅተው ጭራሹን መግዛት ተወ። የጃፓኑ የጨዋታ ድርጅት ኒንቴንዶ በ1985 አሜሪካ ሲገባ ከዚህ ተምሮ ነበር። ማሽኑ ውስጥ ያልተፈቀደ ካሴት የሚያግድ ቺፕ አስገባ፤ አንድ አምራች በዓመት ከ5 በላይ ጨዋታ እንዳያወጣም ገደበ። አምራቾቹ ተማረሩ፤ ደንቡ ምን እንደሆነ ግን ያውቁ ነበር።

ስቲምን ተመልከቱ። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2003 የከፈተው የኮምፒዩተር ጨዋታ መደብር ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሸጠውን የሚመርጡት የድርጅቱ ሠራተኞች ነበሩ፤ «የእኔ ጨዋታ ለምን ቀረ?» የሚለው ሲበዛ በ2012 ግሪንላይት የሚባል አሠራር አመጡ፤ ተጫዋቹ ራሱ ድምፅ እየሰጠ ይምረጥ ተባለ። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን አንዳንዱ አምራች «ድምፅ ስጡኝ፣ ጨዋታውን በነፃ ልስጣችሁ» ማለት ጀመረ። በ2017 ያንን ዘግተው ለአንድ ጨዋታ 100 ዶላር የከፈለ ሁሉ ይግባ አሉ። በሩ ሲከፈት ምን ሆነ? በ2024 ብቻ ከ18 ሺህ በላይ አዳዲስ ጨዋታዎች ገቡ፤ በቀን ሲመታ 50 ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ማን ያየዋል? አሁን የሚመርጠው ኮምፒዩተሩ ነው፤ የትኛውን ፊት ለፊት አሳይቶ የትኛውን ከታች እንደሚቀብር የሚወስነው እሱ ሆኗል። ስለዚህ «እኛ አንመርጥም፣ ሁሉም ይግባ» የሚለው መደብርም እየመረጠ ነው፤ የሚመርጥበትን መንገድ ስለማይነግረን ብቻ ያልመረጠ ይመስለናል።

በሌላ በኩል ጎግ የሚባል የፖላንድ መደብር አለ፤ በ2008 የተከፈተ፣ ጥቂት መርጦ የሚሸጥ። እኔ ይህን መደብር እወደዋለሁ፤ ምክንያቴን በኋላ እነግራችኋለሁ። እሱም ቢሆን ደንበኞቹን አስቆጥቷል። ኦፐስ ማግነም የተባለውን፣ በብዙ ሰው የተመሰገነ የእንቆቅልሽ ጨዋታ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ደንበኞቹ ሲጮኹ ሐሳቡን ቀየረ። ይህ እንኳ ያስመሰግነዋል። የባሰው በታኅሣሥ 2020 የሆነው ነው። ዲቮሽን የሚባል የታይዋን ጨዋታ አለ፤ በ2019 ውስጡ በተገኘች የቻይናን መሪ በምታላግጥ ጽሑፍ ምክንያት ከገበያ የተነሳ። ጎግ ልሸጠው ነው ብሎ አስታወቀ። በዚያው ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ከተጫዋቾች ብዙ መልእክት ስለደረሰን አንሸጠውም አለ። የትኞቹ ተጫዋቾች? ስንት ናቸው? ምን ብለው ጻፉ? ማንም አላየም። በእኛ በደንበኞቹ ስም ተወስኖ እኛው ምክንያቱን ሳናውቅ ቀረን። ሠሪዎቹ በመጨረሻ በ2021 በራሳቸው ድረ ገጽ መሸጥ ጀመሩ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የፕሌይስቴሽን ባለቤት የሆነው የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ፣ ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባትም። እዚህ የተቀመጣችሁ የጌም ቤት ባለቤቶች ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አካውንት ስንከፍት አገራችንን የምንጽፍበት ቦታ የለም። አንዳችን የአሜሪካ፣ አንዳችን የዱባይ ሰው ነን ብለን እንከፍታለን። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ የማያውቀውን የውጭ አገር ፖስታ ቁጥር የሚሞላ ልጅ ሳይ ሆዴ ይባባል። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ አገሩን ግን ከሰው ተበድሮ ነው የሚገዛው።

በግንቦት 2024 የሆነውን አስታውሱ። ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለውን ጨዋታ በዓለም ዙሪያ ሰው በስቲም ገዝቶ ለወራት በኮምፒዩተር ሲጫወት ቆየ። ከዚያ ሶኒ፣ ከእንግዲህ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ከሌላችሁ አትጫወቱም አለ። አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጨዋታው ከስቲም መደርደሪያ ላይ ተነሳ፤ እኛም ከእነዚያው ነን። ተጫዋቹ ዝም አላለም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በጨዋታው ገጽ ላይ ቅሬታውን ጻፈ። ይህን የጻፉት አብዛኞቹ አገልግሎቱ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ፣ ለራሳቸው ምንም የማይጎድልባቸው ሰዎች እንደሆኑ እገምታለሁ። ለማያውቁን ሰዎች ነው የጮኹት፤ ሳስበው ልቤን ይነካዋል። ሶኒ ትእዛዙን አነሳ። መሸጫው ግን በእነዚያ አገሮች ወዲያው አልተከፈተም። የጮኸው ተሰማ፣ በር የተዘጋበት ቆሞ ቀረ።

ሌላም የሚመርጥልን አለ። በሐምሌ 2025 ስቲምም ኢች የሚባለው የትንንሽ አምራቾች መደብርም ለአዋቂ የተሠሩ ብዙ ጨዋታዎችን ያነሱት ወይም የደበቁት የክፍያ ድርጅቶች ጫና ስላደረጉባቸው ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ እኔ ቤት አይገባም፤ ወላጆች፣ በዚህ አትስጉ። ቢሆንም ካርድ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት የመደብርን መደርደሪያ ማዘዝ ከቻለ፣ ነገ የሚነሳው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ጎግን የምወድበትን ምክንያት እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ከእሱ የተገዛ ጨዋታ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኮምፒዩተሬ ላይ የነበሩ ጨዋታዎች ለሁለት ተከፈሉ። ከሌላ መደብር ገንዘብ ከፍዬ የገዛኋቸው የተወሰኑት «ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» እያሉ ተዘጉ። የቀሩት እንደ ወትሮው ተከፈቱ። በዚያ ጭንቅ ወቅት፣ ልጆች ከቤት መውጣት በሚፈሩበት ጊዜ፣ ሰፈሩን ያጫወቱት እነዚያ የቀሩት ናቸው። ስለዚህ መደብሮች ሲመርጡ ጨዋታው ምን ያህል ያምራል የሚለውን ብቻ አይዩ፤ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ያለ ሰው ከገዛው በኋላ ይከፈትለታል ወይ ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም ከዋጋው ጎን ይጻፉት።

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የውጭዎቹን መደብሮች እዚህ ፍርድ ቤት እናቁማቸው እያልኩ አይደለም። የምንጠይቀው ነገር እኛም አገር በሕግ የታወቀ መሆኑን እንድታውቁት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መናዘዝ አለብኝ። ባለፈው መስከረም አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ከወንድሟ ጋር መጥታ «የእርሻ ጨዋታ የላችሁም?» አለችኝ። ከስልኬ ቀና ሳልል «የለም» አልኳት። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ጠበቀችው። ማታ በር ስዘጋ ትዝ አለችኝ። ለካስ እኔም መደብር ነኝ! ኳስና ድብድብ ብቻ የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም፣ ለማንም አላስረዳሁም።

በማግስቱ ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዝቼ በሲባጎ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ አንጠለጠልኩት። የፈለገ የሚፈልገውን ጨዋታ ይጽፋል፣ እኔ ከጎኑ መልሱን ከነምክንያቱ እጽፋለሁ። «ዋጋው 70 ዶላር ነው፤ እስከ ፋሲካ ጠብቁኝ።» «በአገራችን አይሸጥም፤ ለመደብሩ ጽፌያለሁ።» «ደም ይበዛዋል፤ ትንንሾች ባሉበት አልከፍተውም።» በዚህ በመጨረሻው የተከፉ ልጆች ነበሩ። አንዱ ከሥሩ «እሺ፣ ግን ማታ ለትልልቆቹ?» ብሎ ጻፈበት። ተነጋገርንበት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ለትልልቆቹ ይከፈታል ተባባልን። የእርሻውም ጨዋታ መጥቷል። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች፤ ለገብስ ማሳዋ ውኃ ስታጠጣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ ዞረው ያያሉ።

ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ቃል። ካሜሩን፣ ያውንዴ ያለው ኪሮኦ ጌምስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሪዮን የተባለ፣ በአፍሪካ ተረትና ባህል ላይ የቆመ ጨዋታ ሠርቶ ስቲም ላይ አውጥቷል። ስለዚህ ገበጣም ሆነ የገና ጨዋታ እዚያ መደርደሪያ ላይ የማይወጣበት ምክንያት የለም። ስቲም የሚያስከፍለው 100 ዶላር ዛሬ ከ10 ሺህ ብር በላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለተማሪ ከባድ ነው። የምትሠሩት ካላችሁ ግን ኑ፣ የጌም ቤት ባለቤቶች አዋጥተን እንክፈለው። ጨዋታው 1 ሺህ ዶላር ከሸጠ ይህች ገንዘብ ተመላሽ ናት። ይህን ለባልደረቦቼ አስቀድሜ አንስቼባቸዋለሁ፣ እሺ ብለውኛል።

ለመደብሮቹ ደግሞ አንድ ላይ እንጻፍ። ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ፤ አንድ ገጽ ነው። ሦስት ነገር ይላል፦ አንድ ጨዋታ በአገራችን የማይሸጥ ከሆነ ገንዘብ ከማስገባታችን በፊት ንገሩን፤ ያነሳችሁትን ለምን እንዳነሳችሁት ጻፉ፤ አገራችንን በዝርዝራችሁ ውስጥ ስሟን ጻፉልን። ጎግ ተጫዋቾች የሚፈልጉትን የሚጠይቁበትና ድምፅ የሚሰጡበት ገጽ አለው፤ እዚያም ስማችንን እናኑር። የባንክ ሰዎች እዚህ ካላችሁ፣ በብር ከፍለን በሕጋዊ መንገድ የምንገዛበትን ዘዴ አስቡልን፤ ልጆቻችን ክራክ፣ ማለትም ያልተከፈለበት የተሰረቀ ቅጂ፣ የሚያወርዱት ሌብነት ወደው አይደለም።

ደብተሩን ከሚስማሩ ፈትቼ አምጥቼዋለሁ፤ እዚያ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ከረቂቁ ጎን አለ። ስትወጡ የሚጎድላችሁን ጨዋታ ጻፉበት፤ እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጆቻችሁ እንዳያዩ የምትፈልጉትን ጻፉ። የ10ኛ ክፍሉ ልጅም ዛሬ መጥቷል፣ ከኋላ ነው የተቀመጠው። ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ የሚፈርመው እሱ ነው፤ ጥያቄውንም በራሱ እጅ ከላይ ጽፎታል።

አመሰግናለሁ።