23 ሚሊ ሜትር

እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ባለፈው አንድ ክርስትና ላይ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። "ልጄ፣ እናንተ እዚያ ሰርን ምድር ውስጥ የምትቀብሩት ምንድን ነው?" አሉኝ። ሰርን የምሠራበት የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው። በቅጡ ሳልመልስላቸው ምሳ ቀረበ። ዛሬ እዚህ ጄኔቫ አዳራሻችን ውስጥ አሉ። እማማ፣ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

የምንቀብረው ካሜራ ነው። ድንበሩን እንደተሻገራችሁ ሴን ዤኒ ፑዪ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ አለች። እዚያ ከ50 ሜትር በላይ ወደ ታች ስትወርዱ አሊስ የሚባለውን ሙከራ ታገኛላችሁ። ርዝመቱ 26 ሜትር፣ ክብደቱ 10 ሺህ ቶን ነው። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው በቀዩ ግዙፍ ማግኔት በር ፊት ቆሞ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን መሃሉ ላይ ስላለው፣ ከውጭ ስለማይታየው ነገር ነው።

መሃሉ ላይ የእርሳስ ኒውክሊየሶች፣ ማለትም የአቶም እምብርቶች፣ ይጋጫሉ። እርሳስ ስል ብረቱን ነው፣ የመጻፊያውን አይደለም። ሲጋጩ ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ ለቅጽበት ይቀልጡና ራሳቸው የተሠሩባቸው ጥቃቅን ነገሮች፣ የኳርክና የግሉዎን ሾርባ ይሆናሉ። ዓለም ራሷ ከቢግ ባንግ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንዶች እንዲህ ነበረች። ከዚያ ሾርባ ቻርም የሚባለውን ኳርክ የያዙ ቅንጣቶች ይወጣሉ። የሾርባውን ወሬ የሚያመጡልን እነሱ ናቸው። ችግሩ ዕድሜያቸው ነው። አብዛኞቹ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይጓዙ ይፈርሳሉ።

ስለዚህ እነሱን ራሳቸውን አናያቸውም። የምናየው ስብርባሪያቸው የሄደበትን መንገድ ነው። መንገዱን ወደ ኋላ እንከተላለን። መስመሮቹ የሚገናኙት ግጭቱ የተፈጠረበት ነጥብ ላይ ሳይሆን ትንሽ ፈንጠር ብለው ከሆነ፣ እዚያች ቦታ ድረስ አንድ ነገር በሕይወት ነበር ማለት ነው። ዱካን ደጃፍ ላይ ያየ ሰው ከየትኛው ቤት እንደወጣ ያውቃል። ሜዳ ላይ ያየው ግን ይምታታበታል። ዱካውን የሚያነሳው ካሜራችን ዲቴክተር ይባላል። የድሮው ዲቴክተር የመጀመሪያ ንጣፍ ከመሃሉ 39 ሚሊ ሜትር ይርቅ ነበር። አዲሱን ወደ 23 ሚሊ ሜትር አስጠጋነው። ለእነዚያ 16 ሚሊ ሜትሮች ስንት ዓመት እንደተለፋ ባያችሁ!

መቅረብ ብቻ አይበቃም፣ መቅጠንም አለበት። ቅንጣቱ ወፍራም ነገር ውስጥ ሲያልፍ መንገዱ ይጣመማል፤ ዱካው ይበላሻል። የውስጠኛው ክፍል የሲሊከን ቺፕ ውፍረት 50 ማይክሮ ሜትር ነው። ከብዙ ሰው ፀጉር ቢቀጥን እንጂ አይወፍርም። ሲሊከን እንደ መስታወት የሚሰበር ነገር መስሎኝ ነበር። ይህን ያህል ሲቀጥን ግን እንደ ወረቀት ይታጠፋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደነገጥኩ። እያንዳንዱ ቺፕ 3 ሳንቲ ሜትር በ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ላዩ ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለ። እንደ ሽንኩርት በተደራረቡ 7 ንጣፎች 24,120 ቺፖች ተደርድረዋል። አንድ ላይ ከ12 ቢሊየን በላይ ፒክስል ማለት ነው።

አሁን እጃችንን ላሳያችሁ። ክሊን ሩም፣ አቧራ የማይገባበት ክፍል፣ ከመግባታችሁ በፊት ጋውን፣ ኮፍያ፣ ጓንት ታጠልቃላችሁ። 9 ቺፖች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ከሰው እጅ ይልቅ ማሽኑ ያስተካክላቸዋል። ከዚያ እንደ ሪባን የሚታጠፍ ስስ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በሙጫ ይለጠፍባቸዋል። ሙጫው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ማንም አያጣድፈውም። በመጨረሻ 25 ማይክሮ ሜትር በሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ ቺፑ ከሰሌዳው ጋር ይሰፋል። ይሰፋል የምለው በምክንያት ነው። መርፌ መሰሉ ጫፍ ይወርዳል፣ ይነካል፣ ቀስት ሠርቶ ይነሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። በማይክሮስኮፕ ስመለከተው እናቴ ጥበብ ላይ ጥልፍ ስትጠልፍ ትመጣብኛለች። እሷም ስትሠራ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

መጀመሪያ በሠራሁበት ቤተ ሙከራ አንድ ቀን የጓንቴ ጫፍ ያለቀለትን ሥራ ዳሰሰው። ድምፅ የለውም። ሽቦዎቹ ዝም ብለው ተኙ። የስንት ሰው ልፋት በእኔ እጅ ሲበላሽ ዓይኔ እንባ ሞላ። ኃላፊዬ መጥታ አየችው፣ "ነገ ጠዋት ሌላ እንጀምራለን" አለችኝና ቡና ልትጋብዘኝ ወሰደችኝ። እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ያን ጊዜ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ እጆች ብዙ ቦታ ነበሩ። የውጨኛው ክፍል ሞጁሎች በባሪ፣ በሊቨርፑል፣ በስትራስቡርግ፣ በኮሪያ ፑሳን፣ በቻይና ውሃን ተገጣጠሙ። ከዚያ በቶሪኖ፣ በፍራስካቲ፣ በአምስተርዳም፣ በዳርስበሪና በበርክሌይ ረጃጅም ቋሚዎች ላይ ተሰደሩ። ሁሉም ተጠቃለው እዚህ ሰርን ገቡ። ወደ ጉድጓዱ ከመውረዳቸው በፊት መሬት ላይ ሌት ተቀን ተፈተሹ። ከሰማይ የሚወርደው ኮስሚክ ሬይ በነፃ መፈተኛ ሆነልን። ኮሮና መጥቶ ሁሉም ቤቱ ሲገባ እንኳ ፈተሻው ከርቀት ቀጠለ።

ማቀዝቀዣው ውሃ ነው። ልጆች፣ ይህቺን ስሙኝ። ኤሌክትሮኒክስ መሃል ውሃ ቢፈስ ጉድ ነው። ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት እንዲያንስ ተደረገ። ቧንቧው ቢቀደድ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ውሃ ወደ ውጭ አይፈስም። እንዲህ አድርጎ ያሰበውን ሰው ባገኝ እጁን እስማለሁ።

የመግጠሙ ቀን ደረሰ። የውጨኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021፣ የውስጠኛው በግንቦት 2021 ገባ። መሃል ላይ የቤሪሊየም ቱቦ አለ። ቅንጣቶቹ የሚሮጡበት እሱ ነው። ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ዲቴክተሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ሆኖ በሐዲድ ላይ ከሩቅ እየተንሸራተተ ይመጣና ቱቦውን ሳይነካ ያቅፈዋል። የሚቀረው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። እጅ አይደርስበትም። ቱቦውን ብትነኩት መዘዙ ለሁሉም ነው። ለዚህ ነው መሬት ላይ በተሠራ አምሳያ ደጋግመው የተለማመዱት። እዚያ ሰው ጮክ ብሎ አያወራም። "ትንሽ… ትንሽ… በቃ" ብቻ ነው የሚሰማው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2022 ቅንጣቶቹን የሚያጋጨው የሰርን ትልቁ ማሽን ፕሮቶኖችን በአዲስ ጉልበት፣ በ13.6 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት፣ እያጋጨ ሥራ ጀመረ። አዲሱ ዲቴክተር በሰከንድ እስከ 50 ሺህ የእርሳስ ግጭት እንዲመዘግብ የተሠራ ነው። የድሮው 1 ሺህ አካባቢ ላይ ነበር የሚቆመው።

ደግሞ እዚህ አላበቃም። የውስጠኞቹ 3 ንጣፎች በሌላ ሊተኩ ነው። ቺፕ ከቺፕ መደርደሩ ይቀራል፤ ከስንዝር የሚበልጥ አንድ ወጥ ሲሊከን እንደ እንጀራ ተጠቅልሎ ቱቦውን ይከባል። ርቀቱም ወደ 19 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የዚያን ቀን ያስደነገጠኝ መታጠፍ አሁን ሥራው ራሱ ሆኗል።

እማማ፣ ያ ያበላሸሁት ቁራጭ ዛሬ አብሮኝ አለ። ይኸው፣ በዚህች ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው። የተኙት ሽቦዎች መብራት ሲያርፍባቸው ያብለጨልጫሉ። ከእርስዎ ልጀምርና ከዚያ ወደ ልጆቹ ይዙር። ክዳኑን አትክፈቱት፤ በሁለት እጅ ተቀበሉት።