ውሃ የሚጠራ ጨው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ የማወራውም ስለ ጨው ነው። አትሳቁ።

ልጅ ሆኜ ክረምት ሲገባ ቤታችን ያለው ጨው ይረጥብ ነበር። እናቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ፣ ምጣዱ ሳይበርድ ጨዉን ታሰጣበታለች። ይደርቃል። በሳምንቱ እንደገና እርጥብ። "ይሄ ጨው ውሃ ይጠራል" ትላለች። ጥፋቱ ግን የዋናው ጨው አልነበረም፤ ባልተጣራ ጨው ውስጥ ተደብቆ የሚመጣው ማግኒዥየም ክሎራይድ ነው ውሃ የሚጠራው።

አሁን ይሄንኑ ጠባይ ሙቀት ለማስቀመጥ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። ውሃ የሚጠሩ ጨዎች ውሃ ሲጠጡ ይሞቃሉ። ኖራ ላይ ውሃ ስታፈሱ እንደሚፈላው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ኖራን መልሶ ለማድረቅ ከ400 ዲግሪ በላይ እሳት ይጠይቃል፣ እነዚህ ጨዎች ግን ብዙዎቹ ከ150 በታች ይበቃቸዋል። በበጋ ፀሐይ ታደርቃቸዋለህ፣ ከድነህ ታስቀምጣለህ፣ ሲበርድህ እርጥብ አየር ትነፋባቸዋለህ፣ ሙቀቱን ይመልሱልሃል። እስካልረጠቡ ድረስ ዓመትም ቢቀመጡ ሙቀቱ አያመልጥም። አንድ ጓደኛዬ ከጀርመን የቁም ሳጥን እርጥበት መምጠጫ አምጥቶልኝ ነበር፣ ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ሁለት ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ትንሽ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ብርጭቆዋ እንደ ሻይ ብርጭቆ ሞቀች። ሞኝ ነገር ነው፣ ግን ደጋግሜ አደረግኩት።

እኔ መጀመሪያ የወደድኩት ማግኒዥየም ሰልፌትን ነበር። በወረቀት ላይ አንድ ሜትር ኩብ 2.8 ጊጋ ጁል ሙቀት ይይዛል፤ ያንኑ ያህል ውሃ በ50 ዲግሪ ብታሞቁት 0.2 ገደማ ነው። ቁጥሩን አይቼ አበድኩ። በተግባር ግን ላዩ ውሃ ጠጥቶ ይደፈንና ውስጡ ደረቅ ይቀራል፣ ሙቀቱም እያንቀላፋ ነው የሚወጣው። ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ ቁጡ ነው። የአየሩ እርጥበት 33 ከመቶ ካለፈ ራሱ ወደ ውሃነት ይቀየራል፣ ስታደርቁት ትንሽ ካጋላችሁት ደግሞ የአሲድ ጋዝ ይለቅና የብረት ዕቃችሁን ይበላዋል።

እዚህ ላይ ነው ድብልቁ የሚመጣው። ካርናላይት የሚባል ማዕድን አለ፤ ማግኒዥየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ ከስድስት ውሃ ጋር አንድ ክሪስታል ሆነው የተሳሰሩበት። የት ይገኛል? ዳሎል። አፋሮች አሞሌ ከሚቆርጡበት ምድር፣ ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ካለው ቦታ። ፖታሲየሙ ለብቻው ውሃ አይዝም፣ ስለዚህ ሙቀትም አያስቀምጥም፣ ቁጭ ብሎ የሚበላ እንግዳ ይመስላል። ግን እሱ ሲኖር ማግኒዥየሙ እርጥበትን የበለጠ ይታገሣል፣ አሲዱም ይቀንሳል። ይሄን የማግኒዥየም ብረት አምራቾች ድሮም ያውቁት ነበር፣ ካርናላይትን የሚያደርቁት አንዱ ለዚህ ነው።

ዋጋ አለው ታዲያ። ክብደት ትሸከማላችሁ፣ በአንድ ኪሎ የምታገኙት ሙቀት ያንሳል። ውሃ ከበዛበት ደግሞ ሁለቱ ይፋታሉ፣ ፖታሲየሙ ለብቻው ደለል ሆኖ ይቀራል። ቢሆንም እኔ አሁን ምርጫዬ እሱ ነው። አንዴ በደንብ ሞቆ ከሚበላሽ፣ ረጋ ብሎ መቶ ጊዜ የሚመላለስ ይሻለኛል።

ፖታሽ፣ ማለትም ለማዳበሪያ የሚሆነው የፖታሲየም ጨው፣ ከካርናላይት ሲወጣ የሚተርፈው ማግኒዥየም ክሎራይድ ብዙ ጊዜ እንደ ቆሻሻ ነው የሚታየው፣ እሱ ያናድደኛል። ጣሪያችን ላይ ያለችው ተራ የሶላር ማሞቂያ ግን ካርናላይትን አታደርቅልኝም፣ ከ100 ዲግሪ ማለፍ አለባት። የበለጠ የምትግለውን፣ ባለ ቫኪዩም ቱቦዋን እያጠያየቅኩ ነው። ዋጋዋን ስሰማ ግን ወደ ምጣዱ ልመለስ እንዴ አልኩ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።