ስህተቱን አታጥፉብን፦ ስለ አንደኛ ደረጃ የቤት ሥራ ለወላጆች የተደረገ ንግግር

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ውድ መምህራን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስለ ቤት ሥራ ስንገናኝ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው "ለምን በዛ?" ወይም "ለምን አነሰ?" የሚል ጥያቄ ነው። እሱንም እንመለስበታለን። ዛሬ ግን ልንለምናችሁ የመጣነው ሌላ ነገር ነው፦ የልጁን ስህተት አታጥፉብን።

ምን ማለታችን እንደሆነ በአንድ ሒሳብ እናሳያችሁ። ከ503 ላይ 267 ሲቀነስ መልሱ 236 ነው። አንዱ ልጅ 364 ብሎ ይመጣል፣ ሌላው ደግሞ 246። ሁለቱም ኤክስ ይሰጣቸዋል፤ ችግራቸው ግን ለየቅል ነው። 364 ያለው ልጅ በየቤቱ እየዞረ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሷል፤ ከ7 ላይ 3፣ ከ6 ላይ 0፣ ከ5 ላይ 2። መበደር የሚባል ነገር ገና አልገባውም። 246 ያለው ግን መበደር ያውቃል። የአንድ ቤቱን 13 አድርጎ 7 ቀንሷል፤ የመቶ ቤቱንም ከ5 ወደ 4 አውርዷል። የሳተው መሀል ላይ ያለውን ዜሮ ነው። ዜሮው ከመቶ ቤት ተበድሮ 10 ከሆነ በኋላ አንዱን ለአንድ ቤት ስለሚሰጥ 9 ነው የሚቀረው፤ ልጁ ይህን ረስቶ ከ10 ላይ 6 ቀነሰ።

ለመጀመሪያው ልጅ አሥር አሥር እየታሰሩ የሚፈቱ እንጨቶች ያስፈልጉታል። ለሁለተኛው እንጨት ማደል ጊዜ ማባከን ነው፤ እንደ 402 ሲቀነስ 158 ያሉ ዜሮ መሀል ያለባቸው ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል። እንግዲህ ማታ ደክሟችሁ፣ ልጁም እንቅልፉ መጥቶ፣ ላጲስ አንስታችሁ ሁለቱንም 236 ብታስብሏቸው ጠዋት መምህሯ የምታየው ሁለት ትክክለኛ ደብተር ነው። ማን ምን እንደጎደለው የምታውቀው ፈተና ላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክፍሉ ማካፈል ጀምሯል።

ታዲያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ ማለታችን አይደለም። የተሳሳተው መልስ አጠገብ በእርሳስ ነጥብ አድርጉና "እስቲ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ" በሉት። ብዙ ልጆች እየተናገሩ ሳሉ ራሳቸው ይደርሱበታል። ከደረሰበት ከሥሩ እንደገና ይሥራው፤ የፊቱ ግን ሳይጠፋ ይቀመጥ። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ተዉት። ኅዳጉ ላይ "እዚህ ቆሟል፣ 15 ደቂቃ" ብላችሁ ጻፉልን። ይህች አንድ መስመር ለእኛ ከሙሉ ገጽ ራይት ትበልጣለች።

ስለ ጊዜው፦ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልማድ በክፍል 10 ደቂቃ ነው፤ ለ1ኛ ክፍል 10፣ ለ3ኛ 30፣ ለ6ኛ 60፣ የሁሉም ትምህርት ተደምሮ ማለት ነው። ችግሩ ያለው "ተደምሮ" የምትለው ላይ ነው፤ አራት መምህራን እያንዳንዳቸው "ትንሽ ነው" ብለው 20 ደቂቃ ቢሰጡ 80 ይሆናል። ይህ የእኛ የመምህራን ጥፋት ነው፤ መፍትሔውም እኛው ጋ ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሐሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት የጥናቶች ቅኝት፣ የቤት ሥራና የፈተና ውጤት ግንኙነት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ጠንከር ብሎ፣ ከዚያ በታች ግን ሳስቶ ነው የተገኘው። ስለዚህ ለትናንሾቹ ብዛቱን ማሳደዱ አያዋጣም።

ንባብ ላይ አጭር ነገር እንበል። ፊደል ገበታውን ከሀ ጀምሮ እንደ ዘፈን የሚወርደው ልጅ ሁሉ ፊደል ያውቃል ማለት አይደለም። "ሞ"ን ነጥላችሁ ስታሳዩት "መ፣ ሙ፣ ሚ" ብሎ ቆጥሮ የሚደርስባት ከሆነ ገና ዜማውን ነው የያዘው። ከላይ፣ ከታች፣ ከመሀል እያዘበራረቃችሁ ጠይቁት። ከፍ ያሉትን ደግሞ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ አድምጧቸው፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። "ዋና" ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ "ትልቁ" ማለት ነው። "አለ"ም እንዲሁ፤ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ልጁ አንዱን በሌላው ቦታ ካነበበው ፊደሉ አላቃተውም፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይረዳው እያለፈ ነው። ያን ጊዜ ቃሉን አታርሙለት፤ "ምን ሆነ ነው የሚለው?" ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ብዙ ወላጅ ወደሚቸገርበት፣ ስለ ወቅቶች ወደሚሰጠው የሳይንስ የቤት ሥራ እንምጣ። አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እጃችን አበላሽተነዋል፤ "አራቱን ወቅቶች ጻፉ" ብለን እናዛለን፣ ልጁ ይጽፋል፣ አለቀ። በዚያ ላይ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። በአማርኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው፤ ከሌላ ቋንቋ በተተረጎመ ሥዕል ላይ ግን ክረምት ተብሎ በረዶ የለበሰ ዛፍ ይመጣል። ለልጁ ሁለቱም ልክ እንደሆኑ ንገሩት። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ወቅትን የሚለየው ብርድና ሙቀቱ፣ የቀኑም ማጠርና መርዘም ነው። ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ፣ በአብዛኛው ወቅትን የሚለየው ዝናቡ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን "ሙቀቱና ብርዱ ለምን ይለዋወጣል?" ሲባል ይመጣል። "ሲሞቅ ወደ ፀሐይ ስለምንቀርብ ነዋ!" ይላል ልጁ፤ ብዙ አዋቂም እንዲሁ ይላል። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ ማብቂያ ነው፣ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በጣም የምትርቀው በሰኔ ማብቂያ ነው፣ ወደ 152 ሚሊዮን። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሚሞቀው ግን በዚያው በሩቁ ጊዜ ነው፤ ደቡቡ ያኔ ይበርደዋል። ርቀቱ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ የመሬት ዛቢያ፣ ማለትም መሬት በራሷ ላይ የምትሽከረከርበት የሐሳብ መስመር፣ 23.5 ዲግሪ ያህል ያዘመመ መሆኑ ነው።

ይህን በቃል ከምታስጠኑት የእጅ ባትሪ አብሩለት። ባትሪው አፍ ላይ ወረቀት ጠቅልላችሁ እንደ ቱቦ አድርጉ፤ ብርሃኑ እንዳይበተን ነው። ባለ 1 ሴንቲ ሜትር ካሬ ወረቀት ሰሌዳ ላይ ለጥፉና ከ20 ሴንቲ ሜትር ፊት ለፊት አብሩበት፤ ልጁ ብርሃን ያረፈባቸውን ካሬዎች ይቁጠር። 24 ሆኑ እንበል። አሁን ሰሌዳውን አዝምሙት፤ በብርሃኑና በወረቀቱ መካከል ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ ሲደርስ ካሬዎቹ ወደ 48 ይጠጋሉ። ብርሃኑ ያው ነው፤ የካሬዎቹ ድርሻ ግን በግማሽ ቀነሰ። ዝቅ ብላ የወጣች ፀሐይ ለምን እንደማታሞቅ ልጁ በራሱ ጣት ቆጠረው ማለት ነው። የሚበላሸው ባትሪውን ሲያንቀሳቅሱት ነው፤ ርቀቱም አብሮ ስለሚለወጥ የቱ ምን እንዳመጣ አይታወቅም። ባትሪው ይቀመጥ፣ ሰሌዳው ይዘንበል።

ቀጥሎ የወረቀት ኳስ ላይ እርሳስ ሰክታችሁ በጠረጴዛ መሀል በቆመ መብራት ዙሪያ አዙሩ። ኳሱ መሬት፣ እርሳሱ ዛቢያዋ፣ መብራቱ ፀሐይ ነው። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ከቆመበት የ90 ዲግሪን ሩብ ያህል ይዘምም። ልጆች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሲዞሩ እርሳሱን ሁልጊዜ ወደ መብራቱ ያዘነብሉታል። እንዲያ ከሆነ ሰሜኑ ዓመቱን ሙሉ ሲሞቀው ይኖራል። የእርሳሱ ጫፍ ዙሩን ሙሉ አንድ መስኮት ማየት አለበት። ልጁ ሲሳሳት አታስቁሙት፤ ዙሩን ይጨርስና "ታዲያ ሰሜኑ የሚበርደው መቼ ነው?" በሉት።

የመጨረሻው የጥላ ልኬት ነው። 1 ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ ይተከል፤ ቀጥ ማለቱ ድንጋይ በታሰረበት ክር ይታይ። በሳምንት አንድ ቀን ከ5፡30 እስከ 7፡00 በየ10 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግ፤ የሚመዘገበው አጭሩ ነው። "ልክ 6 ሰዓት ላይ ለካን" የሚሉ አሉ፤ የእጅ ሰዓት 6 ሲል ግን ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ ላይ ላትሆን ትችላለች። ፀሐይዋን በቀጥታ ማየት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ለልጁ ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም ንገሩት።

ይህን ሥራ በሰኔ ወይም በታኅሣሥ አጋማሽ እንዳትጀምሩ፣ መምህራንም እንዳትሰጡ። ፀሐይ ያኔ የቆመች ያህል ነው። 60 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን ጥላው 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በሳምንት የሚለወጠው ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ፀሐይ ነጥብ ስላልሆነች የጥላው ጫፍ ራሱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብዥ ስለሚል ለውጡ እዚያ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ልጁም "ምንም አልሆነም" ብሎ ይጽፋል፤ አልዋሸም። በመስከረም ወይም በመጋቢት አጋማሽ ግን በዚያው ከፍታ በሳምንት 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ይለወጣል፤ አራት ሳምንት ከለካ ግራፉ ራሱ ይናገራል። ደመና የጋረደበት ሳምንት ቦታው ባዶ ይተው፤ በግምት አይሞላ። ብዙ ጊዜ ደብተር ላይ ያማረ ግራፍ ስናይ የምንጠራጠረው ለዚህ ነው።

ካሬ ወረቀቱ በር ላይ ተደርድሯል። ለአንድ ልጅ ሁለት ሁለት ውሰዱ፤ አንዱ ለቀጥታው ብርሃን፣ አንዱ ለዘንባላው። ተቆጥሮ ያልገጠመውንም እንዳለ ላኩልን።