ሰንበቴያችን ለምን ሁለት ሆነ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበሩ አለቃችን፣ የኔታ፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለኅዳር ሚካኤል በሰላም አደረሳችሁ።

የታዘዝኩት ስለ አጥሩ እንድናገር ነው። እደርስበታለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አባቶቻችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው ከአንድ ጽዋ የጠጡበት ሰንበቴ ዘንድሮ ሁለት ሆኗል። በቆርቆሮ መዋጮ ተጣልተን ሰንበቴ ቤቱን በጭቃ ግድግዳ ከፈልነው። ሁለተኛ በር አወጣንለት።

ባለፈው እሑድ አንድ የቆሎ ተማሪ መጣ። ደበሎውን ለብሷል፣ አኮፋዳውን አንግቷል። ቅኔ ሊቆጥር ከዓባይ ማዶ የመጣ ልጅ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ከእኛ በኩል አንዱ «ዛሬ ተራው የእነዚያ ነው» አለው። ወደዚያ ሄደ። እዚያም «ከነሱ አልበላህም እንዴ?» አሉት። ልጁ በሁለቱ በሮች መካከል ቆመ። አኮፋዳውን በሁለት እጁ ጨብጦ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በሁለቱም በኩል ዳቦ ተቆርሶ ነበር! እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ወገኖቼ፣ ይህ እኮ ጎጃም ነው! የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር! ሊቃውንቱን ያሳደገ የእናቶቻችን ቁራሽ ነው። እኛ ማን ሆነን ነው የምንከለክል?

ያን ዕለት ጠዋት ሁላችንም አስቀድሰናል። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ለማን እጅ ነሣን? አበልጄ አጠገቤ ቆሞ ፊቱን አዞረ። እኔም አዞርኩ። መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የተባለው ለማን ነው? ለሌላ ደብር ነው?

ለቅዳሴ 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል። ታዲያ ግማሽ ደብር ጎድሎ እኛ ጠላ እንዴት ይወርድልናል?

ወጣቶች፣ በቅዳሴ መካከል በስልክ መቅረጽ ይቅር። «እትዉ በሰላም» ሳይባልም አትውጡ። አጥሩን እህል ከገባ በኋላ እንሠራዋለን።

አለቃችን፣ በእኛ በኩል ሙሴው፣ የሰንበቴው መሪ፣ እኔ ነኝ። የሁለተኛው በር ቁልፍ ይኸው፣ ይቀበሉኝ። አበልጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግድግዳውን ላፈርስ ዶማ ይዤ እመጣለሁ። አንተም ና።