የድሮ መኪና ፋን በኤሌክትሪክ ይቀየር ወይስ ይተው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

የድሬ ሙቀት ሲጠና ስልካችን የሚጮኸው በአንድ ጉዳይ ነው፦ ሞተር ፈላ። በዚህኛው ዝግጅት ደግሞ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ አንድ መፍትሄ ነው፤ በሞተሩ ቀበቶ (በቺንጋ) የሚዞረውን የራዲያተር ፋን አውጥቶ ኤሌክትሪክ ስለማስገባት። አየር ላይ ሰዓቱ ስላልበቃን መልሶቹን ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

«ከሳቢያን ነው። ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። ከዚራ ውስጥ ሰው ሳወርድ ሳሳፍር መርፌው ወደ ቀይ ይሄዳል። ጓደኛዬ ፋኑን ንቀልና ኤሌክትሪክ አስገባ፣ ትገላገላለህ አለኝ። እውነቱን ነው አቦ?»

ጓደኛህ የነገረህ ነገር መጥፎ አይደለም፤ ግን መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትን አልጠየቀህም። መኪናህ የምትግለው መቼ ነው? ቆማ ወይም እየተንፏቀቀች ብቻ ከሆነ፣ በመልካ ጀብዱ መንገድ ለቀቅ አድርገህ ስትነዳት ደግሞ መርፌው ከወረደ፣ የጎደላት አየር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል፣ ፋኑ ብዙም አያስፈልግም። ሜዳ ላይ እየሮጠች የምትግል ከሆነች ግን ችግሩ ውሃው ጋ ነው፦ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ፖምፑ ደክሟል፣ ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት አልከፍት ብሏል፣ ወይም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) ሄዷል። እዚያ ላይ አምስት ፋን ብትደረድር ገንዘብህን ነው የምትጨርሰው።

ከነገርከኝ አንጻር ያንተ የአየር ችግር ይመስለኛል። ምክንያቱም በቺንጋ የሚዞር ፋን የሞተሩን ፍጥነት ነው የሚከተለው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ በደቂቃ 700 ወይም 800 ዙር ላይ፣ ፋኑም ይለግማል። ፀሐዩ አናትህ ላይ ነው፣ መኪናዋ ቆማለች፣ አየር የሚስብላት የለም። ኤሌክትሪክ ፋን ግን ሞተሩ ፈጠነ ዘገየ በሙሉ ጉልበቱ ይዞራል፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

ግን ብር ከማውጣትህ በፊት ሦስት ነገር እይ። አንደኛ፣ ፋኑን ዙሪያውን የሚከበው መከለያ አለ? ብዙ ጋራዥ ራዲያተር ሲያወጣ ይፈታዋል፣ ሲመልስ ይረሳዋል። እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው ከራዲያተሩ ሳይሆን ከጎን ያለውን ትኩስ አየር ነው። ሁለተኛ፣ ቺንጋው ላልቷል ወይ? ሦስተኛ፣ በራዲያተሩ ቅጠሎች መሃል ያለውን አቧራና ነፍሳት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለዘብተኛ ውሃ እጠብ፤ በኃይለኛ ጄት ከመታኸው ቅጠሎቹ ይተኛሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከጋለች አስገባ።

ስታስገባ ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ፣ በሞተሩ በኩል ሆኖ ወደ ውስጥ የሚስብ ይሁን። ከፊት ሆኖ የሚገፋው ቦታ ሲጠብ ብቻ ነው፤ ራሱም የነፋሱን መንገድ ይዘጋል። በራዲያተሩ ቅጠሎች መሃል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ ፈጽሞ አታስር፤ በንዝረቱ ቧንቧውን እየፋቀ ያፈስሰዋል። ብረት አስበይድና በራዲያተሩ የጎን ፍሬም ላይ ይያዝ። ከፖምፑ ፑሊ ጋር ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፣ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ካረጁ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ፍሬን ስትይዝ ሞተሩ ወደፊት ይመጣል። ቺንጋውን አትጣል፣ ፖምፑንና ዲናሞውን የሚያዞረው እሱ ነው! የድሮው ፋን ሲወጣ ደግሞ ያሰሩት ቡሎኖች ይረዝማሉ፤ በአጭር ቀይራቸው ወይም ሮንዴላ ጨምርባቸው።

ፋኑን የሚያስነሳው የሙቀት ስዊች 92 ወይም 95 ዲግሪ ላይ የሚያበራ፣ 87 ገደማ ላይ የሚያጠፋ ይሁን። ቴርሞስታትህ 82 ላይ የሚከፍት ከሆነና ስዊቹን 80 ላይ ካደረግከው ፋኑ ቀኑን ሙሉ አያርፍም። በእጅ የሚበራ ማብሪያ ብቻ የሚያስገቡም አሉ። እሱን አልመክርህም፤ አንድ ቀን ተረስቶ ሞተር ይበላል።

«ከቀፊራ ነው የምደውለው። ኤሌክትሪክ ፋን ካስገባሁ ወዲህ ጠዋት ባትሪዬ ሞቶ አገኘዋለሁ። ማታ መብራት ሳበራ ፋኑ ይደክማል። ሰሞኑን ደግሞ ፊውዝ ሳጥኑ ቀልጦ ሸተተኝ።»

እህቴ፣ የቀለጠው ነገር እስኪስተካከል መኪናውን አትንጂው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ እሳት ይነሳል።

ዋናው ጥፋት ሽቦው ይመስለኛል። ለራዲያተር የሚሆን አንድ ትልቅ ፋን እየዞረ 20 አምፔር አካባቢ ይወስዳል፣ ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ የዚያን ሁለትና ሦስት እጥፍ። ይህ ሁሉ በሬዲዮ ሽቦ ወይም በቁልፉ ቤት በኩል ካለፈ መቅለጡ አይቀርም። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ስኩዌር የሆነ ሽቦ ይነሳል። ባትሪው አጠገብ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ይገባበታል፣ ከዚያ ባለ 40 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ከዚያ ፋኑ። የሙቀት ስዊቹ የሚያዘው ሪሌውን ብቻ ነው፤ ለሪሌው ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል። ኔጋቲቩ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ በደንብ ይታሰር። ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ሲሠራ አጠገቡ ቁሚና ፊውዙ የት እንደገባ አሳየኝ በይው።

ጠዋት ባትሪ መሞቱ ሌላ ነው። ወይ ሪሌው ተጣብቆ ቀርቷል፣ ወይ የሙቀት ስዊቹ አልለቅ ብሎ ሌሊት ፋኑ ሲዞር ያድራል። የሪሌው ማዘዣ ቁልፍ ሲበራ ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ቢወሰድ ይሄ ይቀራል።

የመብራቱ ጉዳይ ከዲናሞው አቅም ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) የተሠሩ ትንንሽ መኪኖች ዲናሟቸው ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 አምፔር ነው፣ እሱም ሞተሩ ሲፈጥን። ቆሞ ሲሠራ ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ፋኑ 20፣ ሁለቱ የፊት መብራቶች ወደ 10፣ ከዚያ ካንዴላው፣ ሬዲዮው አለ፤ የጎደለውን ባትሪው ይከፍላል። መጀመሪያ ቺንጋው አለመንሸራተቱ ይታይ። ካልሆነ 60 ወይም 70 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ፣ አለበለዚያ አነስ ያለ ፋን ነው መፍትሄው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ለሁላችሁም ነው። ኤሌክትሪክ ፋን ሞተር ከጠፋም በኋላ ሊነሳ ይችላል። ኮፈን ከፍታችሁ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የፋኑን ሶኬት ንቀሉት።

«ከሐረር፣ ታክሲ ነጂ ነኝ። ፔጆ 404 ነው የምነዳው። ፋኑ አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ አይዞርም። አውጥቼ ኤሌክትሪክ ላድርገው?»

ወንድሜ፣ እባክህ አትንካው። ይህን መኪና እወደዋለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፋኑ «አንዳንዴ አይዞርም» ያልከው ሲሠራ እንዲያ እንዲሆን ስለታሰበ ነው! ፔጆ በ403 ጀምሮ በ404 የቀጠለበት አሠራር አለ፤ ፋኑ ፖምፑ ላይ የተቀመጠው በኤሌክትሮ ማግኔት ፍሪሲዮን ነው። ውሃው ሲግል የሙቀት ስዊቹ ማግኔቱን ያበራል፣ ፋኑ ይያዝና ከሞተሩ ጋር ይዞራል። ውሃው ሲበርድ ይለቀዋል፤ በነፋሱ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ብዙ ፋብሪካ ገና ከሞተሩ ጋር ያሰረውን ፋን ያለማቋረጥ ሲያዞር ፔጆ ይህን ሠርቶ ነበር።

መጨነቅ ያለብህ ሞተሩ ግሎም ካልያዘ ብቻ ነው። ያኔ ከሙቀት ስዊቹ የሚመጣውን ሽቦ በፍተሻ አምፖል ፈትሽ። ቀጥሎ ማግኔቱ ላይ ኃይል የምታስተላልፈውን ትንሽ ካርቦን እያት፤ ትበላለች፣ ትቆሽሻለች። ከዚያ በማግኔቱና በፋኑ መሃል ያለው ክፍተት በዝቶ እንደሆነ ተመልከት። ክፍሎቹ ሁሉ የሚጠገኑ ናቸው። ያንተ ላይ ቀድሞ የነበረ ባለቤት ፋኑን በቡሎን አጣብቆት ከሆነም መልሰህ ማስፈታት ትችላለህ።

«ሽማግሌ ነኝ ልጄ፣ ከነምበር ዋን። አሮጌ ላንድ ክሩዘር አለችኝ፣ ጭነት ይዤ ወደ ቁልቢ እመላለሳለሁ። ደንገጎ ዳገት ላይ ትፈላለች።»

አባቴ፣ የእርስዎን መኪና ፋን አይቀይሩት። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ፣ ጭነት ይዘው፣ በዝግታ ሲወጡ ነፋስ የለም፤ ሞተሩ ግን ይጮኻል። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ትልቅ ፋን ብዙ አየር የሚስበው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። ተራ ኤሌክትሪክ ፋን ያንን ያህል አይስብም።

የእርስዎ ፋን መሃሉ ላይ ዘይት ያለበት ፍሪሲዮን አለው፤ እሱ ይደክማል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግን እንደጋለ፣ ልጅ ፋኑን በእጁ ያዙረው። ጠንከር ብሎ መያዝ አለበት። እንደ ልቡ ደጋግሞ ከዞረ ወይም መሃሉ ላይ የፈሰሰ ዘይት ከታየ አልቆለታል፣ ይቀየር። እንደ አንዳንዱ ሰው አስበይደው አያጣብቁት፤ ጉልበት ይበላል፣ ፖምፑንም ይጎዳል።

የራዲያተሩንም ክዳን ይመልከቱልኝ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ ድሬ ላይ 96፣ ሐረር ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ውሃው ከዚያ በላይ ግሎ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ከሆነ ዳገቱ ሳያልቅ ይፈላል። ክዳኑን በሙቀቱ እንዳይከፍቱት አደራ። የድሬ የቧንቧ ውሃም ጠጣር ነው፣ በማንቆርቆሪያ ላይ የሚያዩት ነጭ ነገር ራዲያተሩም ውስጥ ይጋገራል። የተጣራ ውሃና ኩላንት ይጠቀሙ።

«ኤሌክትሪክ ፋን ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል። ስንት?»

ከተማ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፋን የሚበላው ጉልበት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ትርፉ የሚታየው በረጅም መንገድ ሞተር ሲፈጥን ነው። ለነዳጅ ብለህ ብቻ አትቀይር።

«ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል አይሻልም? ድሬ እኮ ነው፣ ብርድ የለም።»

ይሄን ምክር ከየት እንዳመጣችሁት አላውቅም፤ በየሳምንቱ ትጠይቁኛላችሁ። አይሻልም። ሞተር ሳይሞቅ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ከዚያም አልፎ በአንዳንድ ሞተሮች፣ በብዙ ቶዮታዎችም ጭምር፣ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ቱቦ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ የውሃው ከፊሉ ሳይበርድ ይዞራል፣ መኪናህም ከበፊቱ የባሰ ትግላለች። ከጠረጠርከው አውጣና ውሃ ውስጥ አፍላው፤ ከከፈተ መልሰው፣ ካልከፈተ አዲስ ግዛ።