«ምስለ መንፈስከ» እንዲሰማ፦ ለድምፅና ሥርጭት አገልጋዮች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ መሪጌቶች፣ ዲያቆናት፣ በየደብሩ በድምፅና በቀጥታ ሥርጭት የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የጀነሬተሩ፣ የኬብሉና የዕቃ ግዥው ጉዳይ በየተራቸው ይነሣሉ። ከእነርሱ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። በቅዳሴያችን የምእመናኑ ተሰጥዎ፣ ማለትም ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመልሱት ቃል፣ እየደከመ ነው፤ ለመድከሙም አንዱ ምክንያት በእኛ እጅ ያለው ሞንታርቦ ነው።

ቅዳሴ ካህኑ ብቻውን የሚያነበው ጸሎት አይደለም። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ይላል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ይመለስለታል። «አልዕሉ አልባቢክሙ» ተብሎ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ካልተባለ ጸሎቱ ጎደሎ ነው። ተሰጥዎ የሚመልስ ሰው ደግሞ የራሱንም የጎረቤቱንም ድምፅ መስማት አለበት። ድምፁ በሞንታርቦ የተዋጠበት ምእመን መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይመልሳል፣ ቆይቶ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ በመጨረሻም ቆሞ አድማጭ ይሆናል።

የዘመኑ መሣሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በጥንት ገዳማት የሚመታው የድንጋይ ደወልም በጊዜው መሣሪያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሲያሳትሙ ሥርዓተ ቅዳሴውም አብሮ ታትሟል። ከዘመናት በኋላ ግእዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዘ የቅዳሴ መጽሐፍ ምእመናን እጅ ገባ፤ ዛሬ ደግሞ በስልካቸው ይዘውት ይቆማሉ። ተሰጥዎውን በብዙ ሰው አፍ ያስገባው ይህ ነው። ኅትመት የከፈተውን አፍ ሞንታርቦ እንዳይዘጋው እሠጋለሁ።

ማጉያውን ያስገባን ችግር እውነተኛ እንደነበር ማንም አይክድም። ከተማው ሲሰፋ ሕዝቡ ከቅኔ ማኅሌት አልፎ ቅጽሩን ሞላ። በስቅለት ዕለት በግቢው ለሚሰግደው ሕዝብ ያለ ማጉያ ቃሉን ማድረስ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው ማጉያው ይቅር የሚል አይደለም፤ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚል ነው።

ከውስጥ እንጀምር። ጉልላት ያለው ክብ ሕንፃ ድምፅን ወደ መሐል ይሰበስባል፤ የሲሚንቶው ግድግዳም መልሶ ያስተጋባዋል። ይህ እያለ ሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያው) ላይ ኢኮ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ማስተጋባት፣ የሚጨምር አለ። ድምፁን ያሳምርልኛል ብሎ ነው፤ ነገር ግን ግእዝ ተነሽና ወዳቂው፣ ሰያፍና ተጣዩ (አራቱ የንባብ ዓይነቶች) ተለይቶ የሚነበብ ቋንቋ ነው። ኢኮው የአንዱን ቃል ጭራ በሚቀጥለው ቃል ራስ ላይ ይደርበዋል፤ የሚጠብቀውና የሚላላው ይምታታል። ለቅዳሴ ኢኮው ጨርሶ ይዘጋ።

ሌላው የማይኩ ርቀት ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ማይኩ የሚገባው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ያን ለማካካስ ጌይን (የማይኩን ድምፅ ማጉሊያው) ሲነሣ ፉጨት ይመጣል። ማይኩ ከካህኑ አፍ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን፤ የማያገለግለው ማይክ ሁሉ ይዘጋ፤ የተከፈቱት ማይኮች በእጥፍ በጨመሩ ቁጥር ከፉጨት በፊት ያለን አቅም በ3 ዴሲቤል ይጎድላልና። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጠው ቁልፍ በንባብ ማይኮች ላይ ሁሉ ይጫን። የገመድ አልባው ባትሪ ቅዳሴ ሳይገባ ይቀየር፤ መሐል ላይ ቢያልቅ ቴክኒሻኑ መቅደስ ገብቶ ሊቀይረው አይችልም። ማይኩን የሚይዘው ዲያቆን ራሱ አጠቃቀሙን ይማር።

ቅዳሜ ማታ በባዶ ቤተ ክርስቲያን የተስተካከለ ድምፅ እሑድ አይሠራም። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሰው ከሞላ በኋላ እንደገና ይለካ። ፌደሩን (ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረጊያውን) የያዘው አገልጋይ ከጓደኛው ጋር ተራ ገብቶ በሴቶችም በወንዶችም ወገን ይቁም። «ምስለ መንፈስከ» ሲባል ሦስት ሜትር ርቀው የቆሙት ምእመናን ድምፅ ካልተሰማው ፌደሩ ዝቅ ይበል። ሕዝቡ በሚመልስበት ጊዜ ተሰጥዎውን በማይክ የሚመራው ዲያቆን ከሕዝቡ በላይ እንዳይሆን። ልጀምራችሁ እንጂ ልመልስላችሁ አይበል።

ማኅሌት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀኝና ግራ ተቃርኖ፣ ተቀባብሎ የሚቆም አገልግሎት ነው። አንድ ማይክ በአንዱ ወገን ሲቆም ሚዛኑ ይሰበራል፤ ሌላው ወገን ለመድረስ ይጮኻል፣ ዜማውም ይጣደፋል። ማይኩ መሪጌታው ሲመራ ይከፈት፣ ሲቀበሉት ይውረድ። ከበሮ ማይክ አያስፈልገውም፤ ቤቱን በራሱ ይሞላል። ጸናጽል አጠገብ የተተከለ ማይክም ፉጨትን የሚጠራ ነው። በሙያ ጤና የታወቀው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። ሌሊቱን ሙሉ ስፒከር ጆሯቸው ሥር የሚቆሙ ሊቃውንትን ይህ ይመለከታቸዋል።

በግቢው ያለው ችግር ሌላ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 50 ሜትር ርቆ ያለው ሞንታርቦ በኬብል ወዲያው ሲናገር፣ የዋናው ድምፅ 0.15 ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ቃሉ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ 41 እግዚኦታ ሲቆጠርም ዳርና መሐሉ ይለያያል። በሩቁ ስፒከር ላይ ዲሌይ (ድምፁን ማዘግያ) 150 ሚሊ ሰከንድ ቢሞላ ይስተካከላል። ወደ ሰፈሩ የዞረው ደግሞ ወደ ግቢው ይመለስ፤ የሀገራችን ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የሚፈቅደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ደወል ኑ ይላል፤ የታመመ ጎረቤትን ሌሊቱን ሁሉ አያነቃም።

የቀጥታ ሥርጭት በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ሰሙነ ሕማማት አስፈላጊነቱን አሳይቷል። ቤት የቀረ በሽተኛ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ዛሬም በእርሱ ይጽናናሉ፤ ቁርባን በስልክ እንደማይደርስ ግን በግልጽ ይነገራቸው። ሥርጭቱን ከሚክሰሩ ዋና መውጫ ብቻ የሚወስድ አገልጋይ ሳያውቀው ሕዝቡን ያስወጣዋል፤ ቤት ያለው ሰው ካህኑ በባዶ ቤት ሲቀድስ ይሰማል። ሁለት ማይክ ወደ ሕዝቡ አዙራችሁ ትከሉ፤ ድምፃቸው በኦክስ (በሚክሰሩ የተለየ መውጫ) ወደ ሥርጭቱ ብቻ ይሂድ፣ ወደ ሞንታርቦ እንዳይገባ። ያኔ በሩቅ ያለውም አብሮ ለመመለስ ይደፍራል። ካሜራው ደግሞ መጋረጃው ከከለለው አይለፍ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆቻችን ግእዙን በላቲን ፊደልና በትርጉም ከስክሪን ያነባሉ፤ ለተሰጥዎ ትልቅ እርዳታ ነው። ስክሪኑ ከመቅደሱ ጎን ይሁን፣ ገጹም የሕዝቡ ተራ ሳይደርስ ቀድሞ ይገለጥ። የዘገየ ገጽ ሰውን ዝም ያሰኛል።

ለጉባኤው የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ደብር በሚቀጥሉት አራት እሑዶች ኢኮውን ዘግቶ፣ በተሰጥዎ ጊዜ ፌደሩን አውርዶ ይቀድስ፤ የሕዝቡን ድምፅ ከአንድ ቦታ በስልክ ይቅዳ፣ የመጀመሪያውንና የአራተኛውን ቅጂ ለማኅበራችን ይላክ። በዚህ ላይ የመሪጌቶቻችንን አስተያየት እንድንሰማ መድረኩን ለእነርሱ እለቃለሁ።